ያኮረፈችው ቮልስ

አንድ ቀን የአሰላው መምህር ዳምጠው ሰማያዊት ቮልሱን ከግቢ አውጥቶ ወደ አዳማ ሊነዳ ተነሳ። አዳማ ላይ የአሮጌ መኪኖች ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ቮልሷን የወረሳት ከአባቱ ነው። ግቢውን አጋምሳ ከቆመች ወዲህ ዶሮዎች ከሥሯ ይፈለፍላሉ፣ ሚስቱ አስካለ ደግሞ ልብስ ታሰጣባታለች። ዳምጠው መኪናዋ ትሰማለች፣ ሲሰድቧትም ታኮርፋለች ብሎ ያምናል። አስካለ በዚህ ስቃ አትጠግብም። «ጆሮ ቢኖራት ኖሮ እስካሁን ከግቢዬ ሄዳልኝ ነበር» ትላለች።

ያን ዕለት ጠዋት በር ላይ ቆማ ቁርጡን ነገረችው።

«ስማኝ ዳምጠው፤ እዚያ ካስገቧት አፌን እይዛለሁ። ከበር ከመለሷት ግን ሰኞ ቆራሌው በዚህ ሲያልፍ ራሴ ጠርቼ ነው የምሰጠው። ከባዶ ጠርሙስና ከአሮጌ ጣሳ ጋር ይውሰዳት።»

ዳምጠው ጂኦግራፊ ሲያስተምር አንደበቱ ርቱዕ ነው፤ ከክፍል ውጪ ግን ተናገር ቢሉት ላብ ያጠምቀዋል። ስለዚህ አፍ ያለው ሰው ይዞ ሄደ፤ የልጅነት ጓደኛውን ቱፋን። ቱፋ ጸጉር ቤት አለው። ምላሱ ከመቀሱ ይቀድማል፤ ደንበኞቹም ጸጉራቸው ሳያድግ ወሬውን ፍለጋ ይመጣሉ።

ገና ከከተማው ሳይወጡ ቱፋ ጀመረ።

«ወይ ጉድ! ይህቺ መኪና ናት ወይስ ድስትና ክዳን የተጣላበት ቤት?»

«ቀስ በል፣ ትሰማሃለች!» አለ ዳምጠው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ናት የምትሰማኝ?»

«እሷ ናታ። ሲሰድቧት ታኮርፋለች።»

ቱፋ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ኢተያን እንዳለፉ አንድ ጉድጓድ አነጠራቸውና የነዳጅ ክዳኗ ወደቀ። ክዳን ሲባል ያው ክዳን አይምሰላችሁ። የፋብሪካው ከጠፋ ቆይቷል፤ ዳምጠው የሚወትፍበት በላስቲክ የተጠቀለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ቢፈልጉ ቢፈልጉ ስላጡት ቀዳዳውን በጨርቅ ደፍነው ዴራ ደረሱ። እዚያ መንገድ ዳር ቅቅል በቆሎ ከምትሸጥ ሴት ገዙ።

«ቶሎ ቶሎ ብላ፣ ክዳኑን እፈልገዋለሁ» አለው ዳምጠው።

ቱፋ እየጋጠ ይስቅ ጀመር። «በዓለም ላይ መለዋወጫው ጨው ተነስንሶበት የሚበላ መኪና ያንተ ብቻ ነው! ይህቺስ መኪና አይደለችም፣ ምሳ ናት!»

በልተው፣ ቆረቆንዳውን ጠቅልለው፣ ወትፈው ገቡ። ዳምጠው ቁልፉን አዞረ። ቮልሷ ዝም። ደግሞ አዞረ፤ አሁንም ዝም። ዳምጠው ቀስ ብሎ ወደ ጓደኛው ዞረ።

«ይቅርታ ጠይቃት።»

«ኧረ ባክህ፣ ሰው ያየናል!»

«ይቅርታ ጠይቃት አልኩህ!»

ቱፋ ግራ ቀኙን ቃኘና ጣሪያዋን ዳበስ አድርጎ «እትዬ፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አላት። ዳምጠው ቁልፉን ቢያዞር ተነሳች። ቱፋ ከዚያ እስከ መልካሳ ትንፍሽ አላለም።

አዳማ ሲቃረቡ ግን ማን አስችሎት! አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፋቸው። ጀርባው ላይ የተቀመጠው ባለ ረጅም አፍንጫ ነጭ የጥንት መኪና ነው፤ ጸሐይዋ ስታርፍበት ዓይን ይወጋል።

«አየኸው ዳምጠው! መኪና ማለት እሱ ነው! እንደ ሙሽራ ተሸክመውት ሲሄድ አታይም? ያንተዋን እንኳን ሊሸከሟት...» ብሎ ሳይጨርስ አፉን በመዳፉ ያዘ። ግን አምልጦታል።

ከትርኢቱ በር ደርሰው ቮልሷ አፍንጫዋን ለማስገባት ስትቃጣ ድንገት ጥፍት አለች። ዳምጠው ቱፋን አየው። ቱፋ «እትዬ...» ብሎ ጀመረ፤ በዚህኛው ግን የምር ተቀይማለች። ወርደው ይገፏት ጀመር።

ያን ጊዜ የትርኢቱ ሊቀመንበር አቶ ልዑልሰገድ ክራባታቸውን እያስተካከሉ መጡ። ያ ነጭ መኪና ለካ የእሳቸው ነው። ከጭነቱ ወርዶ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ቆሟል፤ ሰዉ ከቦ ፎቶ ይነሳል፤ እሳቸውም መጪ ሂያጁን ሁሉ «ስልሳ ዓመቱ ነው፤ አንዲት ጭረት ብታገኙበት እኔ ልቀጣ» ይሉ ነበር። ቆረቆንዳውን በሁለት ጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቮልስ ናት... ከአሰላ ነው የመጣነው» አለ ዳምጠው።

«መኪና ማለት በራሱ የሚሄድ ነው፣ ወንድሜ። ተገፍታ የመጣች መኪና እዚህ አትገባም። ቆራሌው ሰፈር የመጣችሁ መሰላችሁ እንዴ?»

ቆራሌው ሲባል ዳምጠው ክው አለ። አስካለ በር ላይ ቆማ ታየችው። መዳፉን ጣሪያዋ ላይ አሳርፎ አንገቱን ደፋ። የአባቱ እጅ ከነካው ነገር የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

ቱፋ ይህን አየ። መንገዱን ሙሉ ሲሰድባት የመጣው እሱ ነው፣ እውነት ነው። ግን የጓደኛን ነገር ጓደኛ ሲሰድበው ሌላ፣ ባዳ ሲሰድበው ሌላ። እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይህቺ ከአሰላ እዚህ በእግሯ የመጣች ባልቴት ናት። ደጅ ደርሳ ቢደክማት ደግፈን ልናስገባት ነው። አሮጊት ደግፎ ማስገባት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?»

ሰዉ ከነጩ መኪና ዞር ዞር ማለት ጀመረ።

«አሮጊት ከሆነች ቤቷ ትቀመጣ!» አሉ አቶ ልዑልሰገድ። «ይኸውልህ የእኔ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ አቧራ ነክቶት አያውቅም። አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ እንጂ፣ መንገድ ላይ ታዝሎ ሲያልፈን» አለ ቱፋ። «በአገራችን ታዝሎ የሚሄድ ሁለት ነው፤ ሕፃንና በሽተኛ። ሕፃን እንዳልል ስልሳ ዓመቱ ነው አሉ። እግዜር ይማረው!»

በሩ በሳቅ ተናጋ። አንድ ሽማግሌ ወደ ነጩ መኪና ቀረብ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉት። ሌላውም ተከተለ፤ ፎቶ ሲነሳ የነበረው ሁሉ እየተሰለፈ በሽተኛ ይጠይቅ ጀመር።

«የምን በሽተኛ ነው የምታወሩት!» ብለው አቶ ልዑልሰገድ በንዴት ገቡና ቁልፋቸውን አዞሩ። ቀጭ አለ። ደግመው አዞሩ። ቀጭ እንኳን አላለም።

ቱፋ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ የታማሚ ቤተሰብ እንደሚያጽናና ሰው ድምፁን አለስልሶ «ጌታዬ፣ ማንን እናስቀድም? ባልቴቷን ነው ታማሚውን?» አላቸው።

አቶ ልዑልሰገድ መሪያቸውን ለቀቁ። ከዚያ እሳቸውም ሳቅ አመለጣቸው። «ባልቴቷን» አሉ ክራባታቸውን እያላሉ። እኛ አገር መኪና ለመግፋት ሰው አይለመንም፤ ሰዉ ተረባርቦ ሰማያዊቷን ቮልስ እልል እያለ አስገባት። ሊቀመንበሩም ከኋላ ሆነው ገፉ።

ሰኞ ጠዋት ቆራሌው እንደ ልማዱ በአስካለ በር ሲያልፍ አንገቱን ወደ ግቢው አሰገገና «እትዬ፣ ያቺን አሮጌ ቆርቆሮ አትሸጪልኝም?» አላት።

አስካለ ከቮልሷ ጣሪያ ላይ ልብሷን እየሰበሰበች ነበር። ዞር ብላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በል አንተ፣ ትሰማሃለች!»