በሽምብራዬ ሥር ያለፈው ገመድ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ወሩ ጥር ነው። ዝናብ የለም፤ ፀሐዩ ከባድ ነው። ሽንኩርቴ ውሃ ፈለገ። የጎረቤቶቼም እንዲሁ። ቶሎ ካልጠጣ ይደርቃል፤ የመንደሩ የዓመት ልፋትም አብሮት ይደርቃል።

ወደ መንደሩ የውሃ ፓምፕ ሄድኩ። «ፓምፕ፣ ፓምፕ፣ ውሃ ሳብ። ሽንኩርቴ ተጠምቷል።» ፓምፑ፣ «መብራት ሳላገኝ አልስብም» አለ።

ወደ ትራንስፎርመሩ ሄድኩ። አዲስ ነው፤ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። «ትራንስፎርመር፣ ትራንስፎርመር፣ መብራት ስጥ። ፓምፑ አይስብም፤ ሽንኩርቴ ተጠምቷል።» ትራንስፎርመሩ፣ «እኔንስ ማን መገበኝ? ከዋናው መስመር ገመድ ሳይመጣልኝ አልሰጥም» አለ።

ወደ ገመዱ ሄድኩ። በትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ተጠቅልሎ ሜዳ ላይ ቆሟል። «ገመድ፣ ገመድ፣ ትራንስፎርመሩን መግብ። ትራንስፎርመሩ አይሰጥም፤ ፓምፑ አይስብም፤ ሽንኩርቴ ተጠምቷል።» ገመዱ፣ «አሸዋ ውስጥ አልተኛም» አለ።

አሸዋው የደረቀው ወንዝ ነው። የማንም ስላልሆነ፣ ድንበርም ስለማያጣላ፣ ገመዱ በዚያ እንዲቀበር መንደሩ ተስማምቶ መቆፈር ጀምሯል።

በዚያው ጧት ልጄ ዘቢደር ከሠራተኞቿ ጋር ከከተማ መጣች። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። ከጉድጓዱ አሸዋ ዘግና በተነችው።

«ይህ ገመድ የትራንስፎርመሩን ጭነት ይችላል» አለች። «ሽቦ ከሽቦ ድንገት ቢነካካም ይችላል። ግን ሲሠራ ይሞቃል። እርጥብ መሬት ሙቀቱን ይወስድለታል። ደረቅ አሸዋ ያፍነዋል፤ ይቃጠላል።»

«ወፍራም ይምጣ ታዲያ» አለ ጎረቤቴ አያ እንድሪስ።

«ለአሸዋውማ ወፍራም ነበር የሚሻለው። እሱ እስኪመጣ ሰኔ ይገባል።»

«እና በየት ይሂድ?»

ልጄ ወደ እኔ አላየችም። «በአባዬ ሽምብራ። ከሥሩ ምንጭ አለ፤ በጋም ክረምትም እርጥብ ነው።»

አያ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። «አያ ቢያድግልኝ፣ አስተምረህ አስተምረህ መሬትህን አስቆፈርክ።»



ወደ መሬቴ ሄድኩ። «መሬት፣ መሬት፣ ተከፈት። ገመዱ አሸዋ ውስጥ አይተኛም፤ ትራንስፎርመሩ አይሰጥም፤ ፓምፑ አይስብም፤ ሽንኩርቴ ተጠምቷል።» መሬቱ፣ «ሽምብራው ሳይነሳልኝ አልከፈትም» አለ።

ወደ ሽምብራው ጎንበስ አልኩ። «ሽምብራ፣ ሽምብራ፣ ተነስ። መሬቱ አይከፈትም፤ ገመዱ አሸዋ ውስጥ አይተኛም፤ ትራንስፎርመሩ አይሰጥም፤ ፓምፑ አይስብም፤ ሽንኩርቴ ተጠምቷል።» ሽምብራው፣ «ገና እሸት ነኝ። ባለቤቴ ሳያዝ አልነሳም» አለ።

ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ቆሜ አሰብኩ። የአባቷን መሬት ዘልላ የሌላውን ብታሳይ ማን ያውቅባት ነበር? አልዘለለችም። በሰው ሁሉ ፊት የአባቷን ጠራች። እንዲህ ያለች ልጅ የእኔ ናት።

«ማጭድ አምጡ» አልኩ።

እኔ አዘዝኩ፤ ሽምብራው ተነሳ። ሽምብራው ተነሳ፤ መሬቱ ተከፈተ። መሬቱ ተከፈተ፤ ገመዱ ተኛ። ገመዱ ተኛ፤ ትራንስፎርመሩ ሰጠ። ትራንስፎርመሩ ሰጠ፤ ፓምፑ ሳበ። ፓምፑ ሳበ፤ ሽንኩርቴ ጠጣ። የአያ እንድሪስም ጠጣ። ቆፋሪዎቹ የሽምብራዬን እሸት እየፈለፈሉ በሉ፤ አያ እንድሪስ ከሁሉ በላይ በላ።

«አባዬ፣ ከፋህ?» አለችኝ ዘቢደር።

«ጉድጓዱ ቀጥ ብሏል» አልኳት። እሷ ታውቀኛለች፤ ፈገግ አለች።

ሁሉም ወደየቤቱ ሲገባ እኔ ቀረሁ። ገመዱ በተኛበት ላይ ከእንግዲህ ማረሻ እንዳያልፍ ወሰንኩ፤ የኔም ቢሆን። ከወንዙ ድንጋይ እየተሸከምኩ በገመዱ ግራና ቀኝ ተከልኩ።