ወለላ የተኳለችበት ቅዳሜ

በእኛ አገር አንዲት ሴት መስታወት ፊት ቆማ ስትጣደፍ ሌላዋ ከኋላዋ ሆና የምትወረውርባት አንዲት አባባል አለች። ዛሬ ዛሬ ሰዉ ቤት ለሚሠራም፣ መኪና ለሚገዛም ይላታል፤ ከየት መጣች ብለው ሲጠይቁት ግን ራሱን ያካል። አባባሏ የተወለደችው አደባባይ ላይ አይደለም፤ ከአንዲት ጎድጓዳ ሳህን ነው የወጣችው። ሳህኗ ውስጥ ደግሞ ኩል ነበር።

ሳህኗ የእቴቴ አንጓች ነበረች። እቴቴ አንጓች የአዲስ አምባ ሰው ናቸው። ከዓባይ ወዲህ እንደሳቸው ኩል የሚያዘጋጅ አልተፈጠረም ይባላል፤ ይህን የሚሉት እንግዲህ ራሳቸው ናቸው። ድንጋዩን ከገበያ መርጠው ይገዛሉ፣ በትንሽ ሙቀጫ ይወቅጣሉ፣ ከዚያ አልመው ይፈጩታል። ሰው በቃ ላመ ሲል እሳቸው ገና ነው ይላሉ። በመጨረሻ በውኃ በጥብጠው ሳህኗ ውስጥ ያሳድሩታል። ሲያድር አሸዋው ከሥር ይዘቅጣል፣ እንደ ሐር የለሰለሰው ከላይ ይተኛል። ጧት ውኃውን ቀስ ብለው ያንቆረቁሩና ላይ ላዩን ብቻ በማንኪያ ገፈው ጥላ ላይ ያደርቁታል። የሥሩን አሸዋ ይደፉታል። ሙያቸው ይኼው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ወለላ የሟች እህታቸው ልጅ ናት፣ እሳቸው ናቸው ያሳደጓት። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር። ዓይኗ ትልልቅ፣ ትዕግሥቷ ትንሽ። ጉንጯ ላይ ሦስት ብጉር ነበራት፣ እሷ ግን ሠላሳ እያደረገች ትቆጥራቸዋለች። ያን ሰሞን ደግሞ ቆጠራው ብሶባት ነበር፤ ምክንያቱም ይርዳው አናጢው ነው።

ይርዳው የእቴቴ አንጓችን በር ለመጠገን በአንድ ወር ሦስት ጊዜ መጥቷል። ጠግኖት ይሄዳል፣ በሳምንቱ ማጠፊያው ይወልቃል፣ እንደገና ይጠራል። እቴቴ አንጓች እንጨቱን ሲረግሙ ከረሙ። በሦስተኛው ጊዜ ልጁ መዶሻውን ይዞ ወለላን እያየ ጣቱን ስለመታ፣ ነገሩ የእንጨት እንዳልሆነ ለሁሉም ገባው። ሽማግሌ ተላከ። መልሱ ጥሩ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ይርዳው ለእናቱ አንድ ልጅ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ዘርፌ ልጅቱን አይተው ካልወደዷት ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊያዩዋት ቀጠሮ ተያዘ።

ወለላ ከሰኞ ጀምሮ አልተቀመጠችም።

«እቴቴ፣ ሎሚ ልቀባ?»

«ሎሚ ተቀብተሽ ፀሐይ ላይ ውጪና እንደ ቆሎ ታርሪልኛለሽ።»

«ታዲያ ላፍርጣቸው?»

«እጅሽን አንሺ። ብጉር እንደ ክፉ እንግዳ ነው፣ ካላጫወትሽው ራሱ ይሄዳል።»

እቴቴ አንጓች እሬት ቆረጡ፤ ቢጫ ፈሳሹን አንጠፍጥፈው ጣሉና ነጩን ውስጡን ብቻ ቀቧት። በማግሥቱ ማር ቀብተው ትንሽ አቆይተው በለብታ ውኃ አጠቧት። ሌላ ቀን ምንም አልቀቧትም፤ ፊትም እንደ መሬት ማረፍ አለበት አሉ። ወለላ ያን ቀን ከሁሉም በላይ ረዝሞባት ዋለ። ቅዳሜ ጧት የመጨረሻው መጣ፤ እርድ በእርጎ። «እርዱ በጣት ጫፍ፣ ብዙ እንዳትጨምሪ» ብለዋት ኩሉን ወደ መፍጨት ዞሩ። የጣት ጫፍ ለዛሬ ከሠራ ሙሉ ማንኪያ ደግሞ ለዓመት ይሠራል ብላ ወለላ ሙሉ ማንኪያ ጨመረች።

እቴቴ አንጓች ፈጭተው ሲጨርሱ ኩሉን በጥብጠው ሳህኗን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን ገና ሳይታጠቡ ጎረቤታቸው የሺሃረግ በአጥር ላይ ብቅ አለች።

«እቴቴ አንጓች፣ እንግዳዎ ነገ አልነበሩም እንዴ?»

«ነገ ናቸው።»

«እንግዲያው ነገን ዛሬ አድርገውታል። ወይዘሮ ዘርፌ ጃንጥላቸውን ይዘው ወንዙን ሲሻገሩ አሁን አየኋቸው።»

ወለላ ፊቷ ላይ እርዱ እንደተለጠፈ ከጓዳ ወጣች። «እቴቴ፣ ኩሉ።»

«ኩሉ ያድራል። አንቺ ፊትሽን በእርጎ አሽተሽ ታጠቢ፣ ነጠላሽን ልበሺ፣ ውኃ ይዘሽ ግቢ።»

«በባዶ ዓይኔ?»

«ብሌን አለበት እኮ፣ መቼ ባዶ ሆነ?» አሉና ቤቱን ሊያሰናዱ ገቡ።

ወለላ ብቻዋን ቀረች። ፊቷን ታጠበች፤ እርዱ ግን ግማሹ እምቢ አለ። መስታወት አየች፤ ከግንባሯ እስከ አገጯ ቢጫ ናት። በዚህ ላይ ያልተኳለ ዓይን ሲጨመርበት ታያት። ከዚያ ሳህኗን አየች።

ትንሽ ብቻ ነው አለች በልቧ። መኳያዋን አነሣች። ላይ ላዩ ውኃ ውኃ ብሎ ሳሳባት፤ ጥቁሩ ከሥር ነበር። እሷም መኳያዋን እስከ ሥሩ ሰደደችውና ቀኝ ዓይኗን ኳለች። እሳት ነው። አሸዋ የሰነቀረ እሳት። የሚገርመው ግን ይህን ካየች በኋላ ግራውንም መኳሏ ነው። አንዱ ተኩሎ አንዱ እንዴት ይቀራል?

በአዲስ አምባ ለእይታ የቀረበች ልጅ አትናገርም። ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዛ ትገባለች፣ አንገቷን ደፍታ እንግዳዋን ታስታጥባለች፣ ትወጣለች። እንግዳዋ በዚያች ቅጽበት እጇን፣ አረማመዷንና ገጿን ያያሉ። ከተጠየቀችም አክስት ወይም እናት ናት የምትመልስላት። ወለላ እንደ ወጉ ገባች። ወይዘሮ ዘርፌ ረጅምና ቀጭን ሴት ናቸው፤ እጃቸውን ዘረጉላት። ውኃውን ማፍሰስ ጀመረች። ዓይኗ ግን አልቻለም። አንድ ጥቁር ጠብታ ወርዶ ከወይዘሮ ዘርፌ መዳፍ ላይ አረፈ። ሌላ ተከተለው።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «እስቲ ቀና በይ።»

ቀና አለች። ቢጫ ፊት፣ የቀላ ዓይን፣ እስከ አገጯ የወረዱ ሁለት ጥቁር ወንዞች።

ወይዘሮ ዘርፌ እርጥብ እጃቸውን ሳያደርቁ ተነሡ። «እመት አንጓች፣ እኔ ሳገባ እያለቀስኩ ነው ያገባሁት። ለምን ታለቅሻለሽ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ያን ቀን በልቤ ማልኩ። እያለቀሰች የምትገባ ምራት በእኔ ደጅ አታልፍም።»

«ኧረ እመት ዘርፌ፣ ልጅቱ ወዳ ነው…»

«አክስት ሁልጊዜ ወዳለች ነው የምትል። የእኔም ብላ ነበር።» ጃንጥላቸውን አነሡ።

እቴቴ አንጓች ቢናገሩ አይታመኑም፣ ልጅቱ ደግሞ ወጉ አፏን ዘግቶታል። ወለላ ጃንጥላው ወደ በሩ ሲሄድ አየች። ያ ጃንጥላ ከወጣ ይርዳውም አብሮ ወጣ።

«እማማ፣ እያለቀስኩ አይደለም» አለች።

ወይዘሮ ዘርፌ ዘወር አሉ። «ታዲያ ምንድን ነው ይኼ?»

«ኩል ነው። ሳያድር ተኳልኩት።»

«ማን አስቸኮለሽ?»

«እርስዎ መጡ ሲባል ነዋ።»

«ፊትሽንስ ማን ቀባሽ?»

«እርድ ነው። በጣት ጫፍ ተብዬ በማንኪያ አድርጌው ነው።»

«አየሽ ልጄ፣ አክስትሽን አትፍሪ። ካልፈለግሽው ንገሪኝ፣ እኔው ራሴ እንዳልወደድኩሽ አድርጌ እሄዳለሁ። የሚወቅስሽ የለም።»

ወለላ እንደዚህ ያለ ደግ ሰው አማቷ ሳይሆን ሊያመልጣት እንደሆነ ገባት። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

«በሩ አንዴ ብቻ ነው የተሰበረው» አለች።

«ምን?»

«በሩ። ይርዳው ሦስቴ ነው የጠገነው፤ በራሱ የተሰበረው አንዴ ብቻ ነው። ሁለቱን ጊዜ ማጠፊያውን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

እቴቴ አንጓች ቀስ ብለው ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ወደ ወለላ። «አንቺ ልጅ። እኔ እኮ ያን ምስኪን እንጨት ስረግመው ነው የከረምኩ።»

ወይዘሮ ዘርፌ ከንፈራቸውን ነክሰው ቆዩ፤ በኋላ ግን ሳቁ አሸነፋቸው። ጃንጥላውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ወለላን ክንዷን ይዘው በርጩማ ላይ አስቀመጧት። «ንጹሕ ለብ ያለ ውኃ አምጡልኝ። አትሺው፣ ሲታሽ አሸዋው ይብስበታል። ክፈቺና ይፍሰስበት።» በእጃቸው እያፈሰሱ፣ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ዓይኗን አጠቡላት። እርዱን ደግሞ በእርጎ እያሹ ብዙውን አስለቀቁት። በመጨረሻ ራሳቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው አዩዋት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጉንጯ ላይ ሦስቱ ብጉሮች ተቀምጠዋል፣ ኩል የሚባል ነገር የለባትም።

«ይችን ነበር የፈለግኋት» አሉ። «እውነቱን ልንገራችሁ፣ በቀጠሮዬ ብመጣ ተኩላና ተቀብታ ነው የማገኛት ብዬ ነው አንድ ቀን ቀድሜ የመጣሁት። ሳትዘጋጅ ለማየት ቸኮልኩ፤ ያየሁትን ደግሞ ሳልጠይቅ ለመሄድ ቸኮልኩ።»

«እሷም እስኪያድር አላስቻላትም» አሉ እቴቴ አንጓች።

«አሁንም ይደር እንግዲህ። ነገ እንደተባባልነው ከቤተ ክርስቲያን መልስ እመጣለሁ፣ ይርዳውም ይከተለኛል። መዶሻውን ግን ቤት ያስቀምጠው» አሉና ወደ ወለላ ጠቀሱ።

ወለላ ያኔ ነው በእውነት ያለቀሰችው፤ ግን ማንም አልደነገጠባት። በቀላ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ሳህን እየሰረቀች ስታይ እቴቴ አንጓች ተነሡ፣ ሳህኗን አንሥተው እጇ የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሰቀሏት፣ በክዳን ከደኗት፣ መጀመሪያ ልጅቱን ቀጥሎም እንግዳዋን አየት አደረጉና እንዲህ አሉ፦ «ላላደረ ኩል፣ ዓይን አይቸኩል።»