ዝሆን የሚጨፍርበት ማሳ

አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ነበረች። ከጤፍ ማሳዋ ሥር የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር የኖረ ድርጅት ከሰሉን ጠራርጎ ሲወጣ፣ ውስጡ ባዶ የቀረው መሬት ጤፏን እንደያዘ ሰመጠ። ድርጅቱም ጉድጓዱን በአፈር ሞላው፤ ላዩን ችግኝ ተከለበትና "እንደ ድሮው አድርጌ መልሻለሁ" አለ።

በርክክቡ ቀን ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነር ልሳነወርቅ በትልቅ መኪና መጣ። መኪናውን ማዶ፣ አስፋልቱ ላይ አቁሞ ማሳውን በእግሩ ተሻገረ። ባልቴቷና ለምስክርነት የተጠሩት የመንደሩ ሽማግሌዎች ፊት ወረቀት ዘረጋና፣

"እማማ፣ መሬቱ ጠንክሯል። ዝሆን ቢጨፍርበት አይነቃነቅም! ከእንግዲህ ቢሰምጥ ድርጅቱን አልጠይቅም ብለው እዚህ ጋ ይፈርሙ። ካልፈረሙ መሬትዎን አያገኙም" አላት።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ባልቴቷ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነከረች፤ ወረቀቱ ጋ ልታደርሰው ስትል ግን ቀና ብላ ማዶ አየች።

"ልጄ፣ መኪናህን ምነው እዚያ አቆምካት?"

"ከባድ ናት እማማ፤ ለጥንቃቄ ብዬ ነው።"

ባልቴቷ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"እንግዲህ እኔ ድሃ ነኝ፣ ዝሆን ከየት አመጣለሁ? መኪናህን አምጣና ማሳዬ መሃል አሳድራት። ጠዋት ጣሪያዋ ከታየኝ እፈርምልሃለሁ።"