በዳይሬክተሩ ስም የቀረው ቁልፍ

የቺፕ ንድፍ የሚሠራበት ኮምፒውተር አንድ ሰው ፋይል ሲከፍት ሌላው እንዳይነካው በከፋቹ ስም ይቆልፈዋል። ዳይሬክተሩ ዋናውን ንድፍ ለእንግዶች ሊያሳዩ ከፈቱና ሳይዘጉት ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ለስብሰባ ሐዋሳ ሄዱ። ቁልፉ በስማቸው ቀረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ንድፉ ለፋብሪካ መላክ ስለነበረበት አንዲት ቴክኒሻን ቁልፉን ሰርዛ ሥራውን ጨረሰች።

ዳይሬክተሩ በማግስቱ ተመልሰው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አቆሟት።

«በስሜ የተያዘውን ማን ንኪ አለሽ? ስሠራበት ነበር ወይስ አልነበረም? ነበር ካልሽ ሥራዬን አቋርጠሻል፤ አልነበረም ካልሽ ደፍረሽኛል። በሁለቱም ትባረሪያለሽ!»

«ኧረ ሲሠሩበት ነበር፣ ክቡር ዳይሬክተር» አለች። «ማሽኑ እንደሚለው አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከወንበርዎ አልተነሱም። አሳዘኑኝና ወጥተው ምሳ እንዲበሉ ብዬ ነው የከፈትኩልዎት።»