የአንሶላ አጣቢዋ ምስክርነት

አቶ ምሕረተአብ የሚባሉ እጅግ መንፈሳዊ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ሁለት ክፍል ብቻ የነበረውን ሆስፒታል በጾምና በጸሎት ሁለት መቶ አልጋ አድርሰውታል፤ ይህንንም በየስብሰባው ሳያነሱት አያልፉም። ሠራተኛ ሰንበትን ልረፍ ብሎ ሲለምናቸው ግን «የጽድቅ ሥራ እረፍት የለውም!» ብለው ይመልሱታል።

ጡረታ በሚወጡበት ቀን ሠራተኛውም እንግዳውም አዳራሹን ሞላው። ንግግሩ ሁሉ ስለ እርሳቸው ነበር። ያም አልበቃ ቢላቸው፣ ከሁሉም ቀድማ የተቀጠረችውን አንዲት ምላሰኛ አንሶላ አጣቢ አስነሱና፣ «እስኪ አንቺ መስክሪ፤ ይህን ቤት የሠራው እግዚአብሔር ነው ወይስ እኔ?» አሏት።

«እርስዎ» ብትል በፈጣሪ ላይ ድፍረት ነው፤ «እግዚአብሔር» ብትል ደግሞ የሰውየውን ልፋት በሰው ፊት መካድ ነው።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ! እግዚአብሔርማ ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው አርፏል። እኔ እዚህ ቤት ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንዲት ሰንበት እንኳ አርፌ አላውቅም» አለች።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ምሕረተአብ መጀመሪያ ፊታቸው ቀላ፤ ኋላ ግን ሳቁ እርሳቸውንም አሸነፋቸው። እንባቸውን እየጠረጉም፣ «በሉ እንግዲህ፣ የመጨረሻ ትእዛዜ ነው፤ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ አጣቢዎች ሰንበትን ያርፋሉ!» አሉ።

አጣቢዋ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች።

«አዬ ጌታዬ! የእግዚአብሔርን ሥራ ገና መጀመርዎ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ጡረታ ወጡ።»