በቃሬዛ የቀናው ሰው

«አንድ ጤነኛ ሰው ነበረ» አሉ መሪጌታ ልሳነወርቅ።

ይህን ያሉት ደምለው የሚባለው ባለወፍጮ ጥያቄውን ከጠየቃቸው በኋላ ነው። የጠየቀው ስለ ጤና መዋጮ ነበር። በከተማው እያንዳንዱ ቤት በየዓመቱ ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችለው ድሃ ደግሞ ሌላው ይከፍልለታል። «እኔ ስድስት ዓመት ከፍዬ አንድ ቀን መርፌ አልተወጋሁም። እንጨት ሸጣ የምታድረው ጎረቤቴ ግን ምንም ሳትከፍል በየወሩ ትታከማለች። በድሃ ጨክኜ አይደለም። ግን መሪጌታ፣ ይኼ ፍርድ ነው?» ነበር ያለው። መሪጌታ አዎ ወይም አይደለም አላሉትም። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ቀጠሉ።

ሰውየው ገበሬ ነበር። አገሩ ገደል አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው፤ መኪና አይደርስበትም። ጤና ጣቢያው ከወንዝ ማዶ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ በዚያ መንደር ሰው ሲታመም ጡሩንባ ይነፋል። ጡሩንባውን የሰማ ወንድ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል፤ በሽተኛውን በቃሬዛ አጋድመው እየተፈራረቁ ያደርሱታል። የታመመው ማን ነው፣ ምን አለው ተብሎ አይጠየቅም።

ጤነኛው ሰው ከሁሉም ቀድሞ የሚደርስ ነበር። ትከሻው ሰፊ ነው፤ እግሩም ገደል ለምዷል። በዕድሜው ራስ ምታት እንኳ አያውቅም። ዳገት ሲመጣ «እሱ ከፊት ይግባ» ይባላል፤ እሱም ይገባል።

ጎረቤቱ መሬት የሌለው፣ የሰው እርሻ እያረሰ የሚያድር ድሃ ነው። ይህ ድሃ ሳንባውን ታመመ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ጡሩንባ ተነፋለት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጤነኛው ሰው ተሸከመው።

መጀመሪያ ላይ ያዝንለት ነበር። ኋላ ግን ሌላ ነገር ገባበት። ከእርሻ ሲመለስ በድሃው ደጅ ያልፋል፤ ደጁ ላይ ሰው አይጠፋም። አንዷ አጥሚት ይዛ ትገባለች፤ ሌላዋ እንቁላል በጨርቅ ቋጥራ ትመጣለች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን አስደግፈው እዚያ ይቀመጣሉ። እሱን ሲያዩ «ጎረቤትህ እንዴት አደረ?» ይሉታል። አንተስ እንዴት አደርክ ያለው ሰው ግን የለም። ጤነኛ ሰው እንዴት እንዳደረ ማን ይጠይቃል?

ይቺ ነገር እንደ እሾህ ተሰካችበት።

«ያ ሰው ታድሏል» አላት አንድ ቀን ሚስቱን፣ እራት ላይ።

«ማን?»

«ጎረቤታችን። አገር ሙሉ ይሸከመዋል። እኔ ይኸው ትከሻዬ ተልጧል፤ አንድ ቀን እንኳ የተሸከመኝ የለም።»

ሚስቱ ልትጎርስ ያነሣችውን መለሰች። «በበሽታ ይቀናል እንዴ? እግዜር አይስማህ» አለችው።

እሱ ግን አልተመለሰም። ሲያርስም ሲያርምም ያስበዋል። ድሃው ሻል ብሎት ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ያየው ቀን፣ ደስ ሊለው ሲገባ ከፋው። መንደርተኛው «እንኳን ለዚህ አበቃህ» እያለ ይስመዋል። «ተሸክሜ ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ እኔን ማን ሳመኝ?» አለ በልቡ።

ኅዳር ላይ፣ ጤፍ ታጭዶ ገና ሳይከመር፣ ጤነኛው ሰው ጠዋት ከመደቡ አልነሣም አለ። ጎኑን ይዞ ያቃስታል። ሚስቱ ደነገጠች፤ ታሞ አይታው አታውቅምና። ጡሩንባ ተነፋ።

ሰዎቹ አዝመራቸውን ሜዳ ላይ ጥለው መጡ። ሰማዩ በስተምሥራቅ ጠቁሯል፤ ቀና ብሎ ያየው ግን የለም። «እሱ አመመኝ ካለ እውነትም አሞታል» ይላሉ። በቃሬዛው አጋደሙት፤ ጋቢ ደረቡለት፤ አነሡት።

መጀመሪያ እንዴት ጣፈጠው! ተንጋሎ የዛፉ ቅጠል ከበላዩ ሲያልፍ ያያል። «ቀስ በሉ፣ ጎኑን ያመዋል» ይባባላሉ። ሴቶቹ ከኋላ «ማርያም ትከተልህ» ይሉታል። ስሙ በሰው ሁሉ አፍ ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀው ይህንን ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ አጣጣመው።

ቁልቁለቱን ጨርሰው ወደ ወንዙ ሲቃረቡ ቃሬዛው በግራ በኩል ዘመም አለ። አንድ ሰው ሲያስል ሰማ። ያንን ሳል ያውቀዋል። ዓይኑን ገለጠ። ከራስጌው የግራውን እንጨት የያዘው ድሃው ጎረቤቱ ነበር። ላቡ ካገጩ ይንጠባጠባል፤ ከንፈሩ ነጥቷል።

«አንተ ተው፣ ገና አልዳንክም። አምጣው» አለው አንዱ።

«እስከ ወንዙ ብቻ» አለ ድሃው። «ይኼን ሰው እስከ ወንዙ ካልተሸከምኩት ተሽሎኛል ማለቴ ምንድን ነው?»

ሌላ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደ። እንደገና ሳለ፤ አሁን ግን ሳሉ አልቆም አለው። ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ። ጤነኛው ሰው ተንጋሎ የዚያ ሰው ትንፋሽ ከበላዩ ሲቆራረጥ ይሰማል። ትንሽ ታገሠ። ዓይኑን መልሶ ሊጨፍን ሞከረ፤ እምቢ አለው።

«አውርዱኝ» አለ።

«ባሰብህ እንዴ?»

«አውርዱኝ። አላመመኝም። ምንም አልሆንኩም።»

አወረዱት። በሁለት እግሩ ቆመ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ሰማዩ አየና ፊቱን ወደ መንደሩ አዞረ፤ ሌሎቹም ባዶ ቃሬዛውን አንሥተው ተከተሉት። ድሃውን «ትመጣለህ?» አሉት፤ «ትንሽ ልረፍ፣ ቅደሙ» አላቸው። ጤነኛውን አልሰደቡትም። ቢሰድቡት በተሻለው ነበር።

«ለምን አደረግኸው?» አለው ድሃው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ።

ጤነኛው ሰው ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተው። «ቀናሁብህ» አለ። «ሁሉም ይሸከምሃል፤ ሁሉም ይጠይቅሃል። እኔን ማንም።»

ይስቅብኛል ብሎ ነበር፤ ድሃው ግን አልሳቀም።

«እኔም እቀናብህ ነበር» አለ። «ስትሸከመኝ የሚታየኝ ማጅራትህ ነው። ዳገቱን ስትወጣ የአንገትህ ሥር ሲወጠር አያለሁ። ይኼ ሰው እኔን አድርሶ በእግሩ ቤቱ ይገባል፣ ነገ ያርሳል እያልኩ አንጀቴ ይቃጠላል። የመጣልኝን አጥሚት ሁሉ ሰጥቼ አንድ ቀን ያንተን ዳገት ብወጣው እል ነበር። ዛሬ ጡሩንባው ላንተ ሲነፋ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እኔም እንደ ሰው ልሸከም ነው ብዬ።»

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ፤ ያለወቅቱ የመጣ፣ አዝመራ የሚያጠፋ ዝናብ። ጤነኛው ሰው ድሃውን በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ወጣ። ማንም አላየውም፤ ማንም አልመረቀውም።

በዚያ ዝናብ የብዙ ሰው ጤፍ በሰበሰ። ጤነኛው ሰው ከጎተራው እያወጣ ቤት ለቤት ዞረ፤ የተቀበለው አለ፣ በሩን የዘጋበትም አለ። ድሃው በዓመቱ ሞተ፤ ሳንባው አልዳነለትም። ለመጨረሻ ጊዜ ጡሩንባ ሲነፋለት ጤነኛው ሰው ከፊት ገባና እስከ ጤና ጣቢያው ድረስ እንጨቱን ለማንም አልለቀቀም። ቅናቱ ጨርሶ ተወው ወይ? አልተወውም። በበሽተኛ ደጅ ሲያልፍ አንዳንዴ ይጎነትለው ነበር። ያኔ ቆም ይልና ቁልቁል እግሩን ያያል፤ ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።

መሪጌታ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ።

«መሪጌታ፣ ግን እኮ አስመሳይ አለ» አለ ደምለው። «እያለው ድሃ ነኝ የሚል፣ ሳይታመም መድኃኒት የሚወስድ።»

«አለ። በነገርኩህ ውስጥ ግን ያስመሰለው የትኛው ነበር?»

መሪጌታ ወደ እሱ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ መንደሩ ይኼው ከተማችን ነው። ቃሬዛው መዋጮው ነው። ጤነኛው ሰውዬ አንተ ነህ። እንጨት ሻጯ ስትታከም አየሃት እንጂ ስትታመም አላየሃትም፤ ለዚህ ነው የቀናኸው። ስድስት ዓመት ከፍዬ ምንም አላገኘሁም አልከኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት በእግርህ ተነሥተህ ወፍጮህን ከፍተሃል። ከቃሬዛው የሚደርስህ ያ ነበር፤ አንድም ቀን ሳይጎድል ወስደኸዋል። እሷን ሄደህ ጤናዬን ልስጥሽና የመታከሚያ ካርድሽን ስጪኝ በላት። አፍህን ሳትዘጋ ካርዱን እጅህ ላይ ታገኘዋለህ።»