ያልተቀየሩት ሦስት ብሎኖች

ስሟን ባልጠራው በማትቀየመኝ አንዲት የቆየች ከተማ፣ ከጁሙዓ መስጂዱ ጀርባ፣ ሐጂ ጦይብ የሚባሉ የጭነት መኪና መካኒክ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩ ቃላቸው ታጥፎ አያውቅም ይባልላቸዋል። አዛን ሲሰማ እጃቸውን በናፍጣ ይታጠባሉ፣ በሳሙና ይደግማሉ፣ ዉዱእ አድርገው ከመጀመሪያው የሰጋጆች ሶፍ ይገኛሉ። አባቶች ልጆቻቸውን ሲመክሩ “እንደ ሐጂ ጦይብ ሁኑ” ይሉ ነበር። ይህን ምስጋና እርሳቸውም ሰምተውታል። የጎዳቸውም መስማታቸው ነው።

በአንድ የጁሙዓ ማለዳ ኑርዬ የሚባል ሾፌር እህል የጫነ መኪናውን ይዞ መጣ። የፊት ቀኝ ጎማው ይወዛወዛል፣ ሲዞርም ያጓራል።

“ሐጂ፣ ዛሬ ይደርስልኛል?”

“ከጁሙዓ በፊት፣ ኢንሻአላህ።”

ሐጂ መኪናውን በክሪክ አነሡና ጎማውን ፈቱ። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግራሶው ደርቆበት ኖሯል። በናፍጣ አጠቡት፣ በጨርቅ አደረቁት፣ አዲስ ግራሶ በመዳፋቸው እየጫኑ እስኪጠግብ ሞሉት። ቀጥለው ጎማውን የሚይዙትን አሥር ብሎኖች አንድ በአንድ ዳሰሱ። የሦስቱ ጥርስ ተበልቷል፤ የአንዱማ አንገት ተስቦ ቀጥኗል። መቀየር ነበረባቸው። አዲሶቹም ሣጥናቸው ውስጥ ነበሩ። የቀረው አሮጌዎቹን በመዶሻ መትቶ ማውጣትና አዲሶቹን መትከል፣ ቢበዛ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

አዛኑ ተሰማ።

“ከሶላት በኋላ እጨርሳለሁ፣ ቆየኝ” ቢሉት ኑርዬ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም። ነገር ግን ከጁሙዓ በፊት ብለውታል። ሶፉም እየሞላ ነው። “ሰባቱ ጤነኞች ናቸው፣ ሲመለስ እቀይርለታለሁ” ብለው ራሳቸውን አሳመኑና ጎማውን በነዚያው ብሎኖች መልሰው ዳዶዎቹን አጠበቁ።

“ጨረሱ፣ ሐጂ?”

“ጨርሻለሁ ልጄ። አላህ በሰላም ያድርስህ።”

የዚያን ዕለትም ከመጀመሪያው ሶፍ ሰገዱ።

በአምስተኛው ቀን ወሬው መጣ። ቁልቁለት ላይ ብሎኖቹ ተራ በተራ ተቆርጠው ጎማው ወጥቷል፤ መኪናው ተገልብጧል፤ ኑርዬን ጭኑ ተጨፍልቆ ከብረቱ ሥር አውጥተውታል። ሐጂ ጦይብ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። የሚናገሩትን በመንገድ ላይ አዘጋጅተው ነበር። አልጋው አጠገብ ሲቀመጡ ግን ኑርዬ ቀደማቸው።

“አውፍ በሉኝ ሐጂ፣ ይቅር በሉኝ፤ ሥራዎን አበላሸሁብዎት። ጎማ ተፈቶ ሲገጠም መንገድ ላይ ቆም ብሎ ዳዶውን ደግሞ ማጥበቅ ደንብ ነው። ረሳሁት። ባለመኪናውም በቸልተኝነትህ ነው ብሎ አሰናበተኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው።”

ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። የኑርዬ እናት ዘሀራና ሁለት ጎረቤቶች በአክብሮት እያዩዋቸው ነበር።

“ቀደር ነው ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ” አሉ።

የተናገሩት ቃል እውነት ነው። ያን ቀን ግን ከጀርባው ተደበቁበት። በሳምንቱ ተመልሰው ሄዱ፤ ዱዓ አድርገውለት ወጡ። ሌላም ጊዜ ሄዱ፤ ግንባሩን ዳስሰው ወጡ። ሁልጊዜ “ነገ እነግረዋለሁ” ይላሉ። ቁስሉ አመረቀዘ። አልጋ በያዘ በሃያ ሦስተኛው ቀን ኑርዬ ሞተ፣ ራሱን ራሱ እንደገደለ አምኖ።

ጀናዛው ተቀብሮ ሰው ቤተሰቡን ሊያጽናና ለተዕዚያ እንደተቀመጠ ሐጂ ጦይብ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

“ዘሀራ፣ ልጅሽ የረሳው ነገር የለም። ሦስት ብሎን መቀየር ነበረብኝ፤ እያወቅሁ ተውኩት። ጨርሻለሁ ብዬ ዋሸሁት። አልጋው ላይ ሆኖ አውፍ በሉኝ ሲለኝም እውነቱን ደበቅሁት።”

ዘሀራ ቀና አለች።

“ያን ጊዜ ለምን አልነገሩትም?”

“ስሜን ፈርቼ።”

“የእኔን ሐቅ አውፍ ብያለሁ ሐጂ፣ ለአላህ ብዬ። የእሱን ግን ከየት አምጥቼ ልስጥዎት?”

በቀጣዩ ጁሙዓ ኢማሙን አስፈቅደው በጀመዓው ፊት ቆሙና ሁሉንም ተናገሩ። ለባለመኪናውም ለትራፊክ ፖሊሱም ቃላቸውን ሰጡ። የኑርዬ ስም ከነቀፋው ጠራ። “እንደ ሐጂ ጦይብ ሁኑ” የሚለው ምክር ግን ከዚያች ከተማ ጠፋ፤ እርሳቸውም አልፈለጉትም። እያደር ከሲታ ሆኑ፣ ንግግራቸውም አነሰ። አንድ ወዳጃቸው አዝነውላቸው፣ “ተውባ አድርገዋል፣ አላህ መሓሪ ነው፤ ይብቃዎት እንጂ” አሏቸው።

“የአላህን ምሕረት አልተጠራጠርኩም” ሲሉ መለሱ ሐጂ ጦይብ። “እናንተ ገና ጊዜ ያላችሁ ግን የሰውን ሐቅ ሰውየው በሕይወት ሳለ መልሱ። መቃብር አውፍ አይልም።”

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፈተናቸውን ያለፉ ደጋግ ሰዎችን ታሪክ ብዙ ጊዜ አጫውቻችኋለሁ። የዛሬው የወደቁ ሰው ታሪክ ነው፤ ያስተማረኝ ግን ከሌሎቹ ይበልጣል። ዑለማዎቻችን እንደሚነግሩን በባሪያውና በጌታው መካከል ያለው ወንጀል በተውባ ይታበሳል፤ የሰው ሐቅ ግን የተበደለው ባለቤቱ ይቅር እስኪል ይጠብቃል። ሐጂ ጦይብን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንገበገባቸው ጥድፊያቸው ብቻ አልነበረም። ሃያ ሦስት ቀን በር ተከፍቶላቸው ነበር፤ ያውም ይቅር ሊል የተዘጋጀ ሰው ከውስጥ ተኝቶ።

ይህን ስጽፍ የበደልኩት አንድ ሰው ትዝ አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለ። ቤቱም ሩቅ አይደለም።